የኔክቃዳም መብራት

ሳማራ፣ ኅዳር 4 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ ለቂማትሾ፣
ደህሮት መንደር

ያ አሊ መደድ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ባለ ክሩን ሩባብ መያዝንም ሰው ፊት መቀመጥንም ያስተማሩኝ አጎቴ፣ ሰላምታዬ ከዚህ ከጭቃና ከብረት አገር ተነስቶ፣ ተራራውን ተሻግሮ፣ እርስዎንም እናቴን ሳቭሳንንም ከምድጃው ዳር ያግኛችሁ። በረዶው ሳይጠና እንጨታችሁ ገብቶ፣ የቱት ዛፍ ፍሬ ደርቆ ተፈጭቶ፣ ዱቄቱ ከጎተራ ሞልቶ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ከሐምሌ ወዲህ ሳልጽፍ በመቅረቴ እንዳትቀየሙኝ። ሥራ ቀይሬ ከከተማው ወጣ ወዳለ ቦታ ተዛወርኩና ወደ አገር የሚመለስ ሰው አጣሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት ሹፌሩ ፖይንዳ ነው። ወሬ ያበዛል እንጂ ዕቃ አያጠፋም።

እሁድ እሁድ የእኛ አገር ልጆች አንድ ላይ እንሰበሰባለን። ዳፍ አለን፤ ግን ቆዳው በእርጥበት ላልቶ ሲመቱት እንደታመመ ሰው ያቃስታል። እንደ ቤታችን እሳት ዳር ይዘን የምናጠብቅበት ምድጃ ስለሌለ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ እናሞቀዋለን። ድሮ "ትቸኩላለህ፣ ዘፋኙን ጥለኸው ትሮጣለህ" ይሉኝ ነበር። አሁንም አልተማርኩም። ከሩሻን የመጣ ሩባብ ያለው ልጅ አለ፤ የአንጀት ክር አጥቶ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነው ያሰረበት። እርስዎ ቢሰሙት ጆሮዎን ይዘው ይወጣሉ። እባክዎ ከዚያ ከሚያደርቁት የበግ አንጀት ክር ጥቂት ጠቅልለው በፖይንዳ ይላኩልን።

አንዲት ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። መልስ ሲጽፉልኝ ፖስታው ላይ የእኔን ስም አይጻፉ። "ለኔክቃዳም፣ የሠራተኞች ማደሪያ" ብለው ቢጽፉ ይደርሰኛል። የወረቀት ጣጣ ነው፤ አይጨነቁበት።

እጅዎን የሚስመው የእህትዎ ልጅ
ኦዲናማማድ


ደህሮት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን

ኦዲናማማድ፣

ሰላም አልልህም። ያ አሊ መደድ ላልከውም መልሱን አልጽፍልህም። ሰላምታ የሚመለሰው በሕይወት ላለ ሰው ነው፤ አንተ ሞተሃል። እኔው ነኝ የሸኘሁህ።

ከየት ልጀምርልህ? መስከረም መግቢያ ላይ የጎረቤታችን የአክናዛር ልጅ ከሳማራ ተመልሶ ቤታችን ገባና ጫማውን ሳያወልቅ ቆመ። እናትህ ያን ጊዜ ገባት። የምትሠሩት ሕንፃ ግድግዳ በተኙት ላይ ወድቆ ኦዲናማማድ ሞቷል፣ እዚያው ተቀብሯል አለን። ከሟቹ ጃኬት ኪስ የወጣውን ፓስፖርትህን አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ጃኬቱ ራሷ ክርኑን በቀይ ክር የጣፈችው እንደሆነ ምልክቱን ሁሉ ተናገረ። ከዚህ በላይ ምን እንጠይቅ?

በሦስተኛው ሌሊት የሙት መብራትህን አበራን። ሳቭሳን ያላትን አንድ በግ አሳረደች። ጸሎት መሪው ኸሊፋ ጥጡን ፈትሎ፣ ዘይት ውስጥ ነክሮ፣ ጸሎቱን እያነበበ ለኮሰው። እኔ ሩባቤን ከምሰሶው አውርጄ ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ ለስንቱ ሰው መብራት ተጫውቻለሁ። ለገዛ አባቴ ስጫወት እንኳ አንድ ክር አልሳትኩም። ለአንተ ሳትኩ። ዳፉን ሌላ ሰው ይዞት ነበርና ዓይኔ አንተ ትቀመጥበት ወደነበረው ቦታ እየሄደብኝ ስቸገር አደርኩ። ሲነጋጋም እንደ ቤታችን ልማድ ስምህን ጠርቼ፣ "ኦዲናማማድ፣ ሂድ፤ መንገድህ ብርሃን ይሁን" ብዬ የመጨረሻውን ዜማ ዘጋሁ። ይህን ቃል ከአያቶቼ አንዱም ቢሆን በሕይወት ላለ ሰው ተናግሮት አያውቅም። እኔ ተናገርኩት።

ከዚያ በኋላ ፖይንዳ እያፏጨ ደብዳቤህን ይዞ ከተፍ አለ።

እናትህ መጀመሪያ ፖይንዳን በጫማዋ መታችው። ቀጥላ አለቀሰች፤ ቀጥላ ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ኸሊፋው ቤት ሄዳ "በጌን መልሱልኝ" አለች። እሷስ ልጇን አገኘች፤ እንኳን ደስ አላት። የእኔን ጉድ ስማ። ሽማግሌው ሺርማማድ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ደረቱን ይዞ "ቂማትሾ፣ እኔ ገና እተነፍሳለሁ፤ እንዳትቸኩልብኝ" ይለኛል። ሴቶቹ "የቁም ቀባሪ" የሚል ስም አውጥተውልኛል። በቀደም ከታችኛው መንደር ሰው ሞቶ ለመብራቱ ከኾሮግ ከተማ ሌላ ተጫዋች አስመጡ። ሩባቡን እንደ አካፋ የሚይዝ ሰው ነው። እኔ እዚሁ ቤቴ ተቀምጬ ድምፁን ከሩቅ ሰማሁት። ሩባቤ አሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተሰቅሏል።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ፤ ሰው ይስቃል፣ ይረሳል። ያበገነኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ግን ሞቷል፣ አይደለም? ጃኬትህን ለብሶ፣ ስምህን በኪሱ ይዞ አፈር የገባ ሰው አለ። እኔ ስሸኝ ያደርኩት እሱን ነበር፤ በሰው ስም እየጠራሁት። ማነው? እናት አለችው? ፖስታው ላይ ጻፉ የምትለኝ ይህ ኔክቃዳምስ ማነው? አንተስ ስምህ መቃብር ላይ እንደተጻፈ እያወቅህ ስለ ዳፍ ቆዳ እንዴት ትጽፍልኛለህ?

የአንጀት ክሩን አልልክልህም።

ቂማትሾ


ሳማራ፣ የካቲት 2 ቀን

ለአጎቴ ለቂማትሾ

ያ አሊ መደድ። ባይመልሱልኝም እላለሁ። ደብዳቤዎን ማደሪያው ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወጥቼ በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ በጓን እንዳረደች ሳነብ ምን እንደሆንኩ አልነግርዎትም። ያ ወሬ እናንተ ዘንድ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። ወይም አስቤ ሊሆን ይችላል፤ ብቻ በደብዳቤ ስጽፍላችሁ ሁሉም ነገር በራሱ የሚስተካከል መስሎኝ ነበር።

ጃኬቱን የለበሰው ኔክቃዳም ነው። የባርታንግ ሸለቆ ሰው ነው፤ ከራዝድራ መንደር። ፍራሻችን ጎን ለጎን ነበር። ያን ቀን ዝናብ ደብድቦት ገብቶ በረደኝ አለኝና ጃኬቴን ሰጥቼው ወደ ማታ ፈረቃ ወጣሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ስመለስ ግድግዳው ወድቆ፣ ሬሳዎቹን በጭነት መኪና ወስደዋቸው ነበር። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ የእሱ ግን በቅርቡ የታደሰ ነበርና ፍራሹ ሥር አገኘሁት። አለቃው ወረቀቱንም ፊቴንም አየና "እናንተ እንደሆናችሁ ሁላችሁም አንድ ናችሁ" ብሎ ወደ ሥራ ላከኝ። አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት።

አሁን ይህን ስም ከለቀቅሁ ያባርሩኛል፤ ተመልሼም አልገባም። ስለዚህ አጎቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ የምለምንዎ፣ ለጊዜው ነገሩን አይነካኩት። መንደር ውስጥም ስሙን አያንሱ። ጊዜው ሲደርስ እኔው ራሴ ለቤተሰቡ እነግራለሁ።

እናት አለችው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ያለችው ይመስለኛል።

ለእናቴ ነጭ የፍየል ጠጉር ሻርፕ በፖይንዳ ልኬያለሁ። እዚህ አገር አሮጊቶቹ የሚወዱት ነው፤ በቀለበት ውስጥ ያልፋል ይላሉ። ለበጓ ካሳ ባይሆንም ጆሮዋን ያሙቅላት።

የእህትዎ ልጅ
ኦዲናማማድ


ደህሮት፣ ሚያዝያ 25 ቀን

ኦዲናማማድ፣ ወይስ ኔክቃዳም ልበልህ፣

አሁንም ሰላም አልልህም፤ በማን ስም ሰላም እንደምልህ አላውቅም።

አትነካኩት አልከኝ። በረዶው እየተናደ መንገዱን ዘግቶ እስካለ ድረስ አልነካካሁትም፤ ያን ጊዜ ባርታንግ አይገባምና። መንገዱ በተከፈተ ሳምንት ግን ሩባቤን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ሄድኩ። እናትህ "ምን ልታደርግ ነው?" ስትለኝ "ያጠፋሁትን ላስተካክል" አልኳት። ሙሉውን አልነገርኳትም። አንተ የላክህላትን ሻርፕ አናቷ ላይ ጠምጥማ ውሃ ስትቀዳም አታወልቀውም።

ራዝድራ ደርሼ የኔክቃዳምን ቤት ጠየቅሁ። ወንዙ ዳር ካለው ቤት በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ስሟ ኖዛኒን ነው። ያለችው ይመስለኛል ያልካት እናት እሷ ናት። አናቷ ላይ ደግሞ ነጭ የፍየል ጠጉር ሻርፕ ጠምጥማለች።

እንግዲህ አስበው። የእህቴን ሻርፕ ሌላ ሴት አናት ላይ አየሁ። "የት አገኙት?" አልኳት። "ልጄ ከሳማራ ልኮልኝ ነው፤ መንገዱ እንደተከፈተ ሹፌሩ አምጥቶልኝ ደህና ነው ብሎኛል" አለችኝ። ፊቷ ይበራል። "ይመስለኛል" ያልከኝ ቀን ሻርፑ መንገድ ላይ ነበር። ቤቷን ታውቃለህ፣ እናቱን ታውቃለህ፣ የምትወደውን ቀለም ሳይቀር ታውቃለህ።

አስገባችኝ። ጨውና ቅቤ ያለበት ሻይ በወተት ቀድታ፣ ዳቦ ፈትፍታ ሰጠችኝ። ልነግራት ነበር የሄድኩት፤ አፌንም ከፍቼ ነበር። እሷ ግን ሩባቡን አየችና "የደህሮቱ ቂማትሾ እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለችኝ። ስሜ እዚያ ድረስ ይታወቃል፤ የቁም ቀባሪነቴ ግን ገና አልደረሰም። "ማታ ማታ ጣራ ላይ ወጥቼ ለልጄ የናፍቆቱን እዘፍንለታለሁ፤ የሚያጅበኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወቱልኝ፤ ምናልባት ይሰማው ይሆናል" አለችኝ።

አንተ ከእኔ ነው የተማርከው፣ ልዩነቱን ታውቃለህ። ለሄደ ሰው ና ይባላል፤ ለሞተ ሰው ሂድ ይባላል። ና የተባለ ሙት መንገዱ ላይ ይቆማል፣ ወዲህም ወዲያም አይልም እያሉ ነው ያሳደጉን። እሷም ዘፈነች። "ወንዙ ወረደ፣ አንተ አልወረድክም፤ በሬን ሳልዘጋ ሌላ ዓመት መጣ፤ ና" አለች። ድምፅዋ የተሰነጠቀ ነው፤ ግን አንድም ቦታ አልሳተችም። እኔም ሻይዋን ጠጥቼ፣ ዳቦዋን በልቼ፣ እጄን ክሩ ላይ አድርጌ አጀብኳት። ሞቶ ለተቀበረ ልጇ ና እያልኩ አመሸሁ። ጠዋት ስነሳ ለመንገዴ የዋልነት ፍሬ ቋጠረችልኝ።

ኦዲናማማድ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያሳሳትከኝ። መጀመሪያ በሕይወት ላለኸው ለአንተ የሙታንን አጫወትከኝ። አሁን ደግሞ ለሞተው የሕያዋንን አጫወትከኝ። አንድ ተጫዋች በሕይወቱ ሊያደርገው የማይገባውን ሁለቱንም አድርጌያለሁ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ። አንተ የሌላ ሰው ልጅ ስም ለብሰህ ትሠራለህ፣ እናቱ ደግሞ ሻርፕ ለብሳ ትጠብቃለች።

ልጇ መሞቱን የሚነግራት ስሙን የያዘው ሰው ነው፤ እኔ አይደለሁም። ና። ራዝድራ ሄደህ በራሷ ቤት፣ በዓይኗ ፊት ንገራት። እስከዚያ ሩባቡን አልነካም። ሰርግም፣ ልደትም፣ ለቅሶም ቢሆን አልነካም። ኸሊፋውም ጠየቀኝ፣ እምቢ ብዬዋለሁ።

ቂማትሾ


ሳማራ፣ ግንቦት 30 ቀን

አጎቴ፣

ዛሬ እኔም ሰላምታ አላበዛም። እስካሁን አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ፤ አሁን ይስሙኝ።

እርስዎ ዜማ ይላሉ፣ መብራት ይላሉ፣ ስም ይላሉ። እዚህ ስም የሚባለው ማኅተም ነው። ማኅተም የሌለው ሰው እንደ ውሻ ከመንገድ ላይ ታፍሶ ይጫናል። የኔክቃዳምን ወረቀት ባልይዝ እናቴ ያለፈውን የበረዶ ወራት በቱት ዱቄት ብቻ ነበር የምታልፈው፤ እርስዎም ያውቁታል። ሻርፑን የላክሁት ተንኮል አስቤ አይደለም። ሱቁ ውስጥ ቆሜ አንድ ልገዛ ነበር፤ እጄ ሁለት አነሳ፤ ሁለተኛውን በኔክቃዳም ስም ላክሁት። ምን ላድርግ?

ሴትየዋ እየዘፈነች እስካለች ድረስ ልጇ በሕይወት አለ። እኔ በሯ ላይ ቆሜ አፌን የከፈትኩ ቀን ይሞታል። እርስዎ "ና" ይሉኛል እንጂ ያን ቀን የሚገድለው እኔ መሆኔን አላሰቡበትም። ከእርስዎ ሌላ የሚቆጣብኝ ሰው የለም፤ እሱም ይገርመኛል። ያንን ግድግዳ ያለ ብረት ያቆመው ሰውዬ ዛሬም በመኪናው ይመጣል፣ ይሄዳል። ሬሳዎቹን ሲጭኑ ፓስፖርት አገላበጡ እንጂ የአንዱንም ፊት ያየ የለም። ለኔክቃዳም አንድ ሰው እንኳ "ይህ ማነው?" ብሎ አልጠየቀም። በእነሱ ላይ አንድ ቃል አልጻፉም። ሁለት ገጽ ሙሉ የተቆጡት በእኔ ላይ ነው።

አልመጣም። ለእናቴ ሰላም ይበሉልኝ።

ኦዲናማማድ


ደህሮት፣ ሰኔ 24 ቀን

ግድግዳውን ያቆመውን ሰው ብቆጣው አይሰማኝም። ይህ ማነው ብዬ ግን ጠይቄያለሁ፤ የታኅሣሡን ደብዳቤዬን መልሰህ አንብብ።

ቂማትሾ


ራዝድራ፣ ነሐሴ 29 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ ለቂማትሾ

ያ አሊ መደድ። ይህን የምጽፍልዎት ከኖዛኒን ቤት ነው። ፖይንዳ ውጭ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ይጣደፋል።

የታኅሣሡን ደብዳቤ መልሼ አነበብኩት። አንድ ሳምንት ያህል ኪሴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ፣ አደርኩ። ከዚያ የኔክቃዳምን ወረቀት ወስጄ ለፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ሰጠሁና ይህ እኔ አይደለሁም አልኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። "ነህ" ብለው ተከራከሩኝ። በመጨረሻ የመባረሪያ ማኅተም መቱልኝ፤ በራሴ ስም። በባቡርና በጭነት መኪና መጣሁ፤ ደህሮትን በሩቁ እያየሁ አለፍኩት። እናቴን ካየሁ ወደዚህ እንደማልመጣ አውቄያለሁ።

ኖዛኒን ጣራ ላይ አፕሪኮት እያሰጣች ነበር። ስታየኝ "ከኔክቃዳም ነው የመጣኸው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ወርዳ ሻይ ቀዳችልኝ። ሻዩን አልጠጣሁም፤ እንደ እርስዎ እንዳልሆን ፈርቼ ቶሎ ነገርኳት። ጃኬቱን፣ ግድግዳውን፣ ወረቀቱን፣ ሻርፑን፣ ሁሉንም። አላለቀሰችም። ሻርፑን ከአናቷ ፈትታ፣ አጣጥፋ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

"ማን አጠበው?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"መብራቱንስ ማን አበራለት?"

"ደህሮት ላይ በርቶለታል። በእኔ ስም ነው የበራው። አጎቴ ነው የተጫወተው።"

"የትኛው አጎትህ?"

"በሚያዝያ ወደዚህ የመጣው። ባለ ሩባቡ።"

እዚህ ላይ ነው የተቆጣችው። አጎቴ፣ እርስዎ ላይ ነው የተቆጣችው። ተነስታ ቆመች። ያለችውን ሳልቀንስ እጽፍልዎታለሁ፤ እንድጽፍም አዛኛለች። "ያ ሰው እያወቀ ነው? ቤቴ ገብቶ፣ ዳቦዬን በልቶ፣ ልጄ መሞቱን እያወቀ ነው ከእኔ ጋር ና ሲል ያመሸው? አንተስ ልጅ ነህ፣ ፈራህ። እሱ ሽበታም ሰው ነው። ዋልነት ቋጥሬ ሸኘሁት እኮ። እኔ ከሚያዝያ ጀምሮ በዚያ ሰው ዜማ ስዘፍን፣ ልጄን መንገድ ላይ አቁሜው ኖሬያለሁ" አለችኝ።

እርስዎን አልተከላከልኩም፤ እውነቷን ነው።

ቀጥሎ ያለችው ይህ ነው፤ "ጻፍለት። ሩባቡን ይዞ ይምጣ፤ ያበላሸውን ራሱ ያስተካክል። መብራቱ እዚህ ቤት፣ በልጄ ስም ይበራል። አንተ ዳፉን ትይዛለህ። ሲነጋ ግን ስሙን የሚጠራው እሱ አይደለም፤ ይዘኸው የኖርከው አንተ ነህ፣ አንተ ጠርተህ መልስለት።"

የጎረቤቷን ዳፍ ተውሳልኛለች። እርስዎ እስኪመጡ በጓሮዋ እንጨት እፈልጣለሁ።

የእህትዎ ልጅ
ኦዲናማማድ


ደህሮት፣ ጳጉሜን 2 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለኦዲናማማድ፣
በእመት ኖዛኒን ቤት፣ ራዝድራ

መውላ አሊ መደድ። ያን ሁሉ ጊዜ ያስቀረሁብህ መልስ ይኸውልህ። ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለምታስጠጋህ ቤት፣ ለምድጃዋና ጣራዋን ለተሸከሙት አምስት ምሰሶዎች ሰላም ይሁን።

ደብዳቤህን ለእናትህ አነበብኩላት። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። የኖዛኒን ቃል ላይ ስደርስ "ደግ አደረገችህ" አለችኝ፤ ቀጥላም ሻርፗን ፈትታ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እኔም አልተከራከርኩም። ለኖዛኒን ምን እንደምላት መንገድ ላይ አስብበታለሁ፤ ፊቷ ቆሜ እንድትሰድበኝ መጀመሪያ ዕድል እሰጣታለሁ።

ነገ በፖይንዳ መኪና እንነሳለን። ሳቭሳን የዘንድሮዋን ጠቦት ከኋላ አስራለች፤ ይህችኛዋን መልሱልኝ እንደማትል ምላለች። ኸሊፋው አብሮን ይመጣል። ሺርማማድም ልምጣ ብሎ ተነሳ፤ "ይህኛውን በደንብ አጣርታችኋል?" ሲለኝ ገና ሳይጨርስ እናትህ አየችውና ዝም አለ።

ሩባቡን ከግድግዳው አዞርኩት። የላላውን ክር ሁሉ ፈትቼ አዲስ አንጀት አሰርኩበት፤ ላንተ የከለከልኩህን ነው። የተረፈውን ይዤልህ እመጣለሁ፤ ለዚያ ለሩሻኑ ልጅ በሰው ላክለት፤ ናይለኑን ይጣለው።

ዳፉን ከምድጃው ዳር አሙቀህ ጠብቀኝ። ሌሊቱን ብትቸኩል እኔ እከተልሃለሁ፤ ሲነጋ ስሙን ስትጠራ ግን አትቸኩል።

አጎትህ
ቂማትሾ